ዓይን የሚያነበው ብሬልና ጣት የሚያነበው ብሬል

የደሴን የጥቅምት ጠዋት የቀመሰ ያውቀዋል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ እጅ ያደነዝዛል። አንድ ቀን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዓይነ ስውሩ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ዝም አለ።

"ምነው? አንብብ እንጂ" አልኩት።

"ቲቸር፣ ጣቴ አይሰማም" አለኝ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነጥቦቹን በዓይኔ ተከትዬ "ላሊበላ" የሚለውን ቃል አንብቤ ጨርሻለሁ። ሥልጠናዬ ምን እንደጎደለው የገባኝ ያኔ ነው። የሠለጠንኩት ብሬልን በዓይን ማንበብ ነበር፤ ልጁ የሚያነበው በጣቱ ነው። ሁለቱንም "ብሬል ማወቅ" እንላቸዋለን እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። እጁን ብብቱ ሥር አስገብቶ እስኪሞቅለት ጠበቅን፤ ከዚያ አነበበ።

ይህን የምጽፈው እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ "ዘንድሮ ክፍልሽ ውስጥ ማየት የተሳነው ልጅ ይገባል" ለሚባሉ መምህራን፣ ለሥልጠና ሰው መርጠው ለሚልኩ ርእሳነ መምህራን፣ እንዲሁም "መምህሩ ሠልጥኗል" ሲባሉ ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ላላወቁ ወላጆች ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። ብሬል ቋንቋ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ያበጡ ነጥቦችን በጣት እየዳሰሱ የሚነበብ የጽሕፈት ዘዴ ነው። አማርኛም፣ ዐረብኛም፣ እንግሊዝኛም ይጻፍበታል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1809 ተወለደ፤ አባቱ የፈረስ ዕቃ የሚሠራ ሰው ነበር። በ3 ዓመቱ አባቱ ሱቅ ውስጥ በወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ተወጋ፤ ቁስሉ አመርቅዞ ሌላውንም ዓይኑን አጠፋው። በ15 ዓመቱ፣ በ1824፣ ዛሬ የምንጠቀምበትን ዘዴ መልክ አስያዘ። ከእሱ በፊት ሻርል ባርቢዬ የሚባል ሰው በ12 ነጥብ የሚጻፍ ዘዴ አውጥቶ ነበር፤ ችግሩ 12 ነጥብ በአንድ የጣት ጫፍ ሥር አለመግባቱ ነው። ጣት ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ መፈለግ ነበረበት። ብሬል 6 አደረገው። የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነው፦ አንድ ሴል ማለት ጣት ሳይንቀሳቀስ በአንድ ጊዜ የሚዳስሰው ነገር ነው።

ሴሉ በሁለት ዓምድ ይቆማል። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ በቀኝ በኩል 4፣ 5፣ 6። በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የነጥቡ ከፍታ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ። ከእነዚህ ስድስት ነጥቦች 63 ዓይነት ቅርጽ ይወጣል።

እዚህ ላይ የኛ ጣጣ ይመጣል። የፊደል ገበታችን ላይ 33 ቤት በ7 ረድፍ ተዘርግቶ 231 ቅርጽ አለ። 231 በ63 ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ለሁለት ይከፍለዋል፦ አንድ ሴል ለተነባቢው፣ አንድ ሴል ለአናባቢው። ብቻውን በአንድ ሴል የሚቆመው ሳድሱ ነው። "ል" ነጥብ 1፣ 2፣ 3 ነው። "ላ" ስትጽፍ መጀመሪያ "ል"ን ትጽፋለህ፤ ቀጥሎ ነጥብ 1 ብቻ ያለበት ሴል። "ሉ" ደግሞ "ል" እና 1፣ 3፣ 6። "ሎ" "ል" እና 1፣ 3፣ 5። "ላሊበላ" በዓይናማው ጽሕፈት 4 ፊደል ነው፤ በብሬል 8 ሴል ይሆናል።

ይህን ሲሰሙ "ውይ፣ እንዴት ይከብዳል!" የሚሉ አሉ። ለልጁ ግን ይቀላል። ዓይናማው ልጅ 231 ቅርጽ በዓይኑ ሲለምድ፣ እሱ ተነባቢዎቹንና ስድስት አናባቢዎችን ከያዘ ሁሉንም መጻፍ ይችላል። የሚከብደው ለመምህሩ ነው። እኛ "ለ ሉ ሊ ላ" እያልን በግዕዙ ጀምረን ያደግን ሰዎች ነን፤ "ላ" ለኛ አንድ ነገር ነው፣ እግሩ ያጠረ "ለ"። ብሬል የሚያስተምር ሰው ግን "ላ"ን ሲሰማ "ል" እና "አ" ብሎ መስማት አለበት። ገበታውን በጆሮ መፍታት ነው። ጥሩ ሥልጠና ነጥብ ከማሳየቱ በፊት የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ በዚህ ላይ ቢያጠፋ አልቀየምም፦ ቃል ይሰጥሃል፣ ወደ ሳድስና አናባቢ ትበትነዋለህ። "ሰላም" ስንት ሴል ነው? አምስት። "ብርድ"? ሦስት። ሠልጣኙ ሳያስብ መመለስ ሲጀምር ነጥቦቹ በሁለት ቀን ይገባሉ።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ፤ ሥልጠና ላይ ግን ማንም አልነገረኝም። በገበታው ቅደም ተከተል ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ማስተማር ለጣት አይሆንም። ጣት የሚያምታታው ዓይን ከሚያምታታው የተለየ ነው። የሣልሱ አናባቢ ነጥብ 2 እና 4 ነው፤ የኃምሱ ደግሞ 1 እና 5። ሁለቱም ሁለት ነጥብ፣ ሁለቱም ሰያፍ፤ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ያዘነበለ። ጀማሪ ልጅ "ቤት" የሚለውን "ቢት" ብሎ ቢያነብ ሰንፎ አይደለም፤ ጣቱ ሰያፉን ገና አልለየውም። በገበታው ሣልስና ኃምስ በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠሩ በአንድ ሳምንት ልናስተምራቸው እንሞክራለን። አይሆንም። አንዱ ጣት ውስጥ ሳይሰርፍ ሌላውን ማምጣት ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ጣት ከመጀመሪያውም ዝግጅት ይፈልጋል። ልጁ ነጥብ ከመንካቱ በፊት ትልቁንና ትንሹን፣ ሻካራውንና ለስላሳውን መለየት፣ ከላይና ከታች፣ ግራና ቀኝ ማለት ምን እንደሆነ በእጁ ማወቅ አለበት። ለዚህ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ከእናቱ ጋር ምስር የለቀመ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። እኔ የምጠቀመው ገበጣ ነው። ገበጣውን ቁመቱን ወደ ራሴ አዙሬ ከላይ ሦስቱን ጥንድ ጉድጓድ ብቻ እወስዳለሁ፤ ስድስት ጉድጓድ ሆነ፣ ሁለት ዓምድ። ሽንብራ በ1፣ 2፣ 3 ውስጥ ሲጨመር "ል" ነው። ልጁ በመዳፉ ይዳስሳል፣ ይስቃል፣ ራሱ ይሠራል። ከዚያ ወደ እንቁላል መያዣ ካርቶን፣ ከዚያ ወደ ወረቀት። ከመዳፍ ወደ ጣት ጫፍ እየጠበበ ይሄዳል።

ወረቀቱ ላይ ከደረሰ በኋላ የመምህሩ ዓይን መሆን ያለበት ልጁ እጅ ላይ ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ አፉን ነበር የማየው፤ በትክክል ካነበበ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን የሌላ ትምህርት ቤት መምህር፣ እሳቸው ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው፣ ክፍሌ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡና እጃቸውን ቀስ አድርገው በልጁ እጅ ላይ ጫኑ። ትንሽ ቆይተው "ይሄ ልጅ እያነበበ አይደለም" አሉኝ። ምንባቡን ሸምድዶታል፤ ጣቱ ዝም ብሎ ከአፉ ኋላ ይሄዳል። ደንግጬ ቀረሁ። "አብሽሪ እህቴ" አሉ፤ "ቃሎቹን አዘበራርቀሽ ጽፈሽ ስጪው፣ ታያለሽ።" አየሁ።

እሳቸው ካሳዩኝ ውስጥ ሦስቱን ልንገራችሁ። ጣት ይንሸራተታል እንጂ አይጫንም፤ ጥፍሩ ሥር ነጭ ከሆነ ልጁ እየተጫነ ነው፣ ሲጫን ደግሞ ስሜቱ ይቀንሳል። አንድ ሴል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ልማድ ከሆነ መቼም አይፈጥንም። ሦስተኛው፣ ሁለቱም እጅ ይሠራል፦ ቀኙ መስመሩን ሲጨርስ ግራው ቀድሞ የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ይዞ ይጠብቃል። በአንድ ጣት ብቻ የለመደ ልጅ መስመር በለወጠ ቁጥር ይጠፋል። ይህን ሁሉ ከወረቀት ላይ በዓይን የሚያነብ አሠልጣኝ አያስተምርህም፤ ጉዳዩ ለእሱ የለምና።

ወደ መጻፉ እንሂድ። እዚህ አገር ዋናው መሣሪያ ስሌትና ስታይለስ ነው። ስሌቱ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ፤ ስታይለሱ አጭር መውጊያ፣ ወስፌን የሚመስል። ወፍራም ወረቀት በመካከሉ አስገብተህ ትወጋለህ። ነጥቡ የሚያብጠው በጀርባው በኩል ስለሆነ፣ ለማንበብ ወረቀቱን መገልበጥ ግድ ነው። ስለዚህ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ፣ የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ።

የኔ አሠልጣኝ ይህን ሲያስረዳ "መስታወት ውስጥ እንደምታዩት አስቡት" አለን። እኛን ገባን። ክፍሌ ገብቼ ያንኑ ደገምኩ፦ "መስታወት አስብ።" ልጁ መስታወት አይቶ አያውቅም! ትክክለኛው መንገድ በጣም ቀላል ነው፤ ግራና ቀኝ የሚለውን ነገር መተው። ወደምትሄድበት አቅጣጫ ስትሄድ መጀመሪያ የምታገኘው ዓምድ 1፣ 2፣ 3 ነው፤ ሁለተኛው 4፣ 5፣ 6። ስትጽፍ ከቀኝ ትነሣለህ፣ መጀመሪያ የምታገኘው ቀኙ ነው። ስታነብ ከግራ ትነሣለህ፣ መጀመሪያ የምታገኘው ግራው ነው። ቁጥሩ አይገለበጥም፤ የምትገለበጠው አንተ ነህ። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ ለምን ዓይናማ ሠልጣኞች በዚህ ላይ ሁለት ቀን እንደሚጨነቁ አይገባውም።

ፐርኪንስ የሚባለው የብሬል መጻፊያ ማሽን ከፈረንጆች 1951 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ስድስት ቁልፍ አለው፣ ነጥቡም ወደ ላይ ስለሚያብጥ ልጁ የጻፈውን ወዲያው ይዳስሳል፤ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ የለም። ግን ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ ውድ ነው፣ ሲበላሽ ጠጋኝ የለም። ለዚህ ነው መምህር ሲሠለጥን በስሌት ጭምር ይሠልጥን የምለው። በፐርኪንስ ብቻ የሠለጠነ ሰው ትምህርት ቤቱ ሲመለስ የሚያገኘው ስሌት ነው፤ ወይም እሱም የለም። በ2014ቱ ጦርነት በወሎ ስንቱ ትምህርት ቤት ጠረጴዛና መጽሐፍ እንኳ አጥቶ እንደነበር የምናውቀው ነው። ወፍራም ወረቀት ሲጠፋ ያለፈ ዓመት ካላንደር ይሠራል፤ ከየባንኩ ለምናችሁ ሰብስቡ። ብሬል የተጻፈበትን ወረቀት ደግሞ አትደራርቡ፤ ሲጫን ነጥቡ ይተኛል። መጽሐፉን አቁማችሁ አስቀምጡ።

እንግዲህ ሥልጠናው ራሱ ምን ይመስላል? በአገራችን የልዩ ፍላጎት ትምህርት በዲግሪ የሚማሩ አሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኮተቤ ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩ ቆይተዋል፣ ሰበታም በዚህ ስሟ የታወቀ ነው። እነሱ ጥልቅ ነገር ይዘው ይወጣሉ። አብዛኛው መደበኛ መምህር ግን የሚያገኘው በክረምት ወይም በሴሚስተር ዕረፍት የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ነው፤ ሰርተፊኬት፣ ሻይ፣ ፎቶ። በአንድ ሳምንት ኮዱን መማር ይቻላል፤ አልዋሽም፣ እኔም ተምሬዋለሁ። ማስተማሩን ግን በአንድ ሳምንት አይቻልም። ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንደኛ ክፍል ያስተምራል እንደማለት ነው።

ሌላው ችግር መርሳት ነው። የሠለጠነው መምህር ክፍል ዓይነ ስውር ልጅ ካልገባ በዓመቱ ሁሉም ከእጁ ይጠፋል። ልጁ ሲመጣ ሰርተፊኬቱ አለ፣ ብሬሉ የለም። ስለዚህ ርእሰ መምህር ከሆኑ፣ ሰው ሲልኩ "ማን ተራው ነው?" ብለው አይምረጡ፤ የሚመጣውን ዓመት ልጁን የሚቀበለው ማን እንደሆነ አይተው ይላኩ። ሥልጠናው ደግሞ ተከፋፍሎ ቢሰጥ ይሻላል፦ ጥቂት ቀን በክረምት፣ ከዚያ ልጁ ከገባ በኋላ በወር አንድ ቅዳሜ። ጥያቄ የሚወለደው ልጁ ፊትህ ሲቀመጥ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ብቁ ተዘዋዋሪ መምህር ሁለቱንም ከተማ መዞር ይችላል። ሁሉም ትምህርት ቤት የየራሱን ባለሙያ ይጠብቅ ከማለት ይህ ይቀርባል።

ዓይን ሸፍኖ መሠልጠንን በተመለከተ ሰዎች ይከራከራሉ። ነጠላ ዓይንህ ላይ አስረህ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጥ ዓይነ ስውርነትን አታውቅም፤ የምታውቀው ድንጋጤን ነው። እሱን ለድራማ ማድረግ አልወድም። ግን ሦስት ፊደል ብቻ በጣትህ ለመለየት ሞክር። ነጥቦቹ ሁሉ አሸዋ ሲሆኑብህ ከዚያ በኋላ ልጁን "ፈጠን በል" አትለውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በየከተማችን ዓይነ ስውራን መምህራን አሉ፦ አማርኛ፣ ታሪክ፣ ሥነ ዜጋ የሚያስተምሩ። ብሬልን ከልጅነታቸው በጣታቸው የኖሩበት ናቸው። የብሬል ሥልጠና ሲመጣ ግን የሚጠራው ዓይናማው ነው፤ ቢበዛ እነሱ ለመክፈቻው ንግግር ይጋበዛሉ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 24 መንግሥታት ብሬል የሚችሉ መምህራንን፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንንም ጨምሮ፣ እንዲቀጥሩ ይላል። እዚህ ላይ ግን ልክ መሆን አለብኝ፤ ጎበዝ አንባቢ መሆን ጀማሪን ማስተማር ማለት አይደለም። ያ መምህር በ7 ዓመቱ እንዴት እንደተማረ አያስታውስም፣ ዘዴውን መማር አለበት። የሚያዋጣው ማጣመር ነው፦ ዓይናማው ሥዕሉን፣ ሰሌዳውንና የክፍሉን ረብሻ ይይዛል፤ ሌላው የልጁን እጅ። የኔ ክፍል የተስተካከለው በዚህ ነው፤ ያ ደግሞ ደብዳቤ የተጻፈበት ዝግጅት አልነበረም፣ የሰፈር ትውውቅ እንጂ።

ድሮ የሰፈሩን መምህር ማን ያሠልጥን የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሣም ነበር። የሕግ ባለሙያዋና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ ከኛው ከወሎ፣ ከሳይንት ናት፤ በ5 ዓመቷ ዓይኗን ካጣች በኋላ ብሬል ፍለጋ ሻሸመኔ ድረስ ሄዳ በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። በፈረንጆች 2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። አዳሪ ትምህርት ቤት ብዙ ሰው አፍርቷል። አካቶ ትምህርት የሚለው ሐሳብ ደግሞ ልጁ ከቤቱ ሳይርቅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይማር ነው፤ መልካም። ግን ሻሸመኔ ያገኝ የነበረውን መምህር እዚህ ካላገኘ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ልጅ ነው የምናተርፈው።

"ታዲያ ቢሰማስ? ስልክ አለ፣ ቅጂ አለ" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ወሎ ውስጥ ይህ ክርክር ጉልበት አለው፤ ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር ደረሳም፣ ዜማውን በጆሮው የጨረሰ የቆሎ ተማሪም ሁላችንም እናውቃለን፣ እናከብራለንም። ስልኩንም አልቃወምም፤ ልጁ ሲያድግ ያስፈልገዋል። ግን ጽሑፍን በጆሮ ብቻ የተማረ አንድ ልጅ "እንደምናደርክ" ብሎ አንድ ቃል አድርጎ ጽፎልኛል። ቃል የት እንደሚለያይ አያውቅም፤ ማን ነግሮት? ጆሮ ክፍተት አይሰማም። ጣት ይሰማል። ደግሞ ነገ ከጓደኛ የተላከ ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነብለት መለመን የለበትም።

ሁለት ነገር በአጭሩ። እንግሊዝኛ ሌላ ሥልጠና ነው፤ የእንግሊዝኛ ብሬል አሕጽሮተ ቃል የሚጠቀም ሁለተኛ ደረጃ አለው፣ አሕጽሮቶቹም 180 ገደማ ናቸው። የአማርኛ ብሬል የሠለጠነ መምህር እሱንም ያውቃል ብላችሁ አታስቡ። ሒሳብም እንዲሁ የራሱ ምልክት አለው፤ ልጁ "ሒሳብ ይቅርበት" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የመምህሩ ሥልጠና ነው።

ሁለተኛው፣ የማየት ችግር ያለበት ልጅ ሁሉ ብሬል አያስፈልገውም። አፍንጫውን ወረቀት ላይ ለጥፎ ነጥቦቹን በዓይኑ የሚፈልግ ልጅ ካያችሁ ቆም በሉ። ትልልቅ ፊደልና መስኮት አጠገብ ያለ ወንበር ይበቃው ይሆናል፤ ወይም ዓይኑ እየደከመ የሚሄድ ከሆነ ብሬሉን አሁኑኑ መጀመር ይኖርበታል። ይህን መምህር አይወስንም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ይታይ።

የኔ ተማሪ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ነው። የብሬል ክፍለ ጊዜውን ከዕረፍት በኋላ፣ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ከገባች በኋላ አዛውረነዋል። ርእሰ መምህሩ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ "ብርድ" አልኳቸው። ፕሮግራሙን ለማስተካከል ይህን ምክንያት በቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ "ሌላ" በሚለው ሥር ጻፍነው።